ዝም ብሎ የሚሠራ ጠፋ

የምፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዝም እንዲል፣ የሰጠሁትንም እንዲጠብቅ። ይህ ይከብዳል? ጨዋታ አልጫወትበትም፤ ፊልም አላቀናብርበትም። የእድራችንን መዝገብ፣ ከካሴት የተገለበጡ መዝሙሮችንና የድሮ ዘፈኖችን፣ የልጆቼን የሰርግ ቪዲዮ፣ ከአልበም እየተነሱ ስካን የተደረጉ ፎቶዎችን ይዞ ጠረጴዛዬ ሥር ይቀመጥልኝ ነው ያልኩት። ለዚህ የሚሆን ሃርድ ዲስክ ከአዲስ አበባ ጠፋ ስል የሱቅ ልጆች «ፋዘር፣ ያካብዳሉ» ይሉኛል። ፋዘር! አባታቸው ብሆን ኖሮማ መጀመሪያ «እንደምን ዋሉ» ማለትን አስተምራቸው ነበር።

ነገሩ ሲጠቀለል ይኼ ነው። ታማኝ የተባለው ይጮሃል፤ ዝም የሚለው አይታመንም፤ ሁለቱንም ነኝ የሚለው ደግሞ ዋጋው ሲነገር የምጮኸው እኔ ነኝ።

አሁን ያለኝ ወሬ ይወዳል። ከየትኛው ፋብሪካ እንደወጣ አልናገርም፤ በስተርጅና ፍርድ ቤት መመላለስ አልፈልግም። እኔ ኮምፒውተር የምነካው ማታ ነው፤ ቀን ቀን መብራቱም የልጅ ልጆቼም ሲመጡና ሲሄዱ ይውላሉ። ማታ ቤቱ ረጭ ሲል እሱ ይጀምራል። መጀመሪያ ያጉረመርማል። አንድ ፋይል ስከፍት ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ማንም ሳይነካው ጠቅ! ባለቤቴ አይጥ ነው ብላ ወጥመድ አስገዝታለች። ወጥመዱ እስከ ዛሬ ጠረጴዛው ሥር ተጠምዷል፤ አይጥም የለ፣ እሷም አላመነች።

ማጉረምረሙ ከየት እንደሚመጣ አጥንቻለሁ፤ ጡረታ የወጣ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው። በውስጡ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 7200 ጊዜ ይዞራሉ፣ በሰከንድ 120 ጊዜ ማለት ነው። የሚዞረው ነገር ራሱ ብዙም አይሰማም። ጉዱ ንዝረቱ ነው። ሃርድ ዲስኩ በአራት ብሎን ከቆርቆሮው ጋር ተጠፍሯል፤ ቆርቆሮው ንዝረቱን ለጠረጴዛው ያቀብላል፤ የእኔ ጠረጴዛ ደግሞ የድሮ ጥድ ነው፣ የተነገረውን ሁሉ ለጎረቤት ያደርሳል። ቀጭ ቀጭ የሚለው ሌላው ነው፤ አንባቢው ጭንቅላት በሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ነው። ድሮ ይህ ጭንቅላት ቀስ ብሎ እንዲሄድ ማዘዝ ይቻል ነበር፤ ትንሽ ፍጥነት ትተህ ብዙ ጸጥታ ታገኛለህ። እኔን የሚጠቅም ነገር ስለነበር ከአዲሶቹ ላይ አነሱት።

እንግዲህ ቀስ ብሎ የሚዞረውን ግዛ ይሉሃል፤ በደቂቃ 5400፣ በሰከንድ 90። መልካም። ግን በ2020 እ.ኤ.አ. ምን ተሰማ? ዌስተርን ዲጂታል አንዳንዶቹን «የ5400 ደረጃ» ብሎ ሲሸጥ፣ ድምፁን በማይክሮፎን የለኩ ሰዎች 90ውን ሲጠብቁ 120ውን አገኙት። ኩባንያው ሲጠየቅ «ደረጃ» ያልነው የአሠራር ብቃቱን ነው እንጂ ዙሩን አይደለም አለ። ድንቄም ደረጃ! እድሩ ላይ አንድ አባል 120 ብር ሊከፍል ሲገባው «የእኔ 90 ብር የ120 ደረጃ ነው» ቢለኝ ምን እንደምለው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን ዝምታው የማይቻል ነገር አለመሆኑ ነው። ዱሮ ሳህኑ የሚዞረው በባለ ኳስ ኩሽኔታ ላይ ስለነበር ኳሶቹ ሲያረጁ ያፏጭ ነበር። በ2001 እ.ኤ.አ. ሲጌት ባራኩዳ ኤቲኤ ፎር የሚባለውን ሲያወጣ ኳሶቹን ትቶ በዘይት ላይ እንዲንሸራተት አደረገው። በሰከንድ 120 ጊዜ የሚዞር ሆኖ ዝምታው ተአምር ተባለለት፤ ጸጥታ ወዳዱ ሁሉ ተሻማበት። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ዘይቱን ወሰደ። ታዲያ ዘይቱ ካለ የእኔን ምን አስጮኸው?

በእኛ ወግ ልጅ ሲታጭ ሽማግሌ ተቀምጦ ዘር ይቆጥራል። እኔም ሱቅ ስገባ የማደርገው ያንኑ ነው፤ የማን ልጅ ነው? ማን አሳደገው? በቤታቸው ምን በሽታ አለ? የሱቁ ልጅ ከካርቶኑ ውጭ የሚያውቀው የለም፤ ስለዚህ ራሴ ቆጠርኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ኮነር የሚባል ቤት ነበር፤ በ1996 ወደ ሲጌት ገባ። ኳንተም ነበር፤ የሃርድ ዲስክ ሥራውን በ2001 ማክስተር ወሰደው፤ ማክስተርን ራሱን በ2006 ሲጌት ጠቀለለው። ሳምሰንግም በ2011 የሃርድ ዲስክ ሥራውን ለሲጌት አስረከበ። ፉጂትሱ ወደ ቶሺባ ገባ። የሁሉም አያት አይቢኤም ነው፤ በ1956 የመጀመሪያውን ሃርድ ዲስክ ለገበያ ያወጣው፣ 50 ሳህን ተሸክሞ አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን፣ የሚይዘው ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ የሰርግ ፎቶ ከዚያ ይበልጣል። አያትየው ራሱ ሥራውን ለሂታቺ ሸጦ ከገበያ ወጣ፤ የሂታቺንም በ2012 ዌስተርን ዲጂታል ገዛው። ዛሬ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ ብቻ ቀሩ። ሦስት ቤት! ሰባት ትውልድ ልቁጠር ብትል ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው።

የዘር በሽታም አይቻለሁ። አይቢኤም በ2000 ዓመተ ፈረንጅ ዴስክስታር 75 ጂኤክስፒ የሚባል አወጣ፤ ፈጣን፣ ሸበላ፣ ሁሉም የሚመኘው። ከዚያ በየቤቱ መሞት ጀመረ። ሰዉ «የሞት ኮከብ» ብሎ ስም አወጣለት፤ አሜሪካ ውስጥ ገዢዎቹ ተሰባስበው ከሰሱ። አንድ አስተዋይ ሽማግሌ ከዚህ በኋላ ያንን ቤት አይረግጥም፣ አይደል? ይኸው ግን፣ ከዚያው ቤት በሂታቺ ስም የወጡት የኋለኞቹ፣ ባክብሌዝ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሺዎች የሚቆጠሩ ሃርድ ዲስኮቹን እየቆጠረ ከ2013 ጀምሮ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ ከጥሩዎቹ ተርታ ሆነው ተገኙ። አንድ ፋብሪካ በአንድ ዓመት ሁለት ሞዴል ያወጣል፤ አንደኛው ምሰሶ ይሆናል፣ ሁለተኛው ሬሳ። ዘር ቆጥሬ ምን ተረፈኝ? ሞዴሉን እንጂ ቤቱን አትመን ይሉኛል፤ ሞዴሉ የተመሰከረለት ሲሆን ደግሞ ገበያው ላይ አይገኝም፤ ለመመስከር ዓመታት ይፈጃልና ያን ጊዜ አርጅቶ ሌላ ተተክቷል።

በዚያ ላይ የሚደበቅ ነገር አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ነው፣ ዌስተርን ዲጂታል ቀይ መለያ ለጥፎ ቀንና ሌሊት ለሚሠራ ማከማቻ ይሆናል ብሎ ከሚሸጣቸው ውስጥ የተወሰኑት መስመሮቻቸው አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው የተጻፉ መሆናቸው ታወቀ። እንዲህ ሲሆን ብዙ ይይዛል፤ ነገር ግን አንዱን መስመር ላርም ስትል ጎረቤቶቹ ሁሉ እንደገና መጻፍ አለባቸው፣ ሥራውም ይንቀራፈፋል። ካርቶኑ ላይ አልተጻፈም ነበር። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ ጀርመን አገር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዓታት የሠሩ የሲጌት ሃርድ ዲስኮች የሰዓት ቆጣሪያቸው ተፍቆ አዲስ ተብለው ሲሸጡ ተገኙ። ያጋለጣቸው ሲጌት በውስጣቸው ያስቀመጠው ሌላ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን መፋቅ ረስተዋል። ዕድሜውን ደብቆ ለእጮኝነት የመጣ ሽበታም! ይህ በጀርመን ከሆነ እኔ መገናኛ ሱቅ ፊት ቆሜ ምን ተስፋ አለኝ?

«ኦሪጅናል ነው?» እላለሁ። «ከዱባይ የመጣ ነው» ይላል። ይህ መልስ ነው? ዱባይ ሃርድ ዲስክ አይበቅልም። አብዛኛው የሚገጣጠመው ታይላንድን በመሰሉ የእስያ አገሮች ነው፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ታይላንድን ጎርፍ ሲያጥለቀልቃት በዓለም ሁሉ ዋጋው ተሰቅሎ ነበር። «ዝም ይላል?» ስለው ካርቶኑን ከፍቶ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው። «ይኸው ፋዘር፣ ምንም ድምፅ የለውም።» አልተሰካም እኮ! ቢሰካስ፣ ከበሩ ላይ የታክሲ ረዳቱ «ሜክሲኮ ሜክሲኮ» እያለ ሲጮህ ማን ይሰማል። ዋጋውን አላነሳም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ይተመን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ የሱቅ ልጆች ዋጋ ሲናገሩ ወለሉን ነው የሚያዩት።

ያገለገለ መግዛት ካለብህ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የምትባል ነፃ ፕሮግራም በላፕቶፕ ይዘህ ሂድ። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ ስንት ቦታ ተበላሽቶ በትርፍ ቦታ እንደተተካ፣ ስንት ቦታ ለማንበብ እንዳስቸገረው ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ከሁለቱ የመጨረሻ ቁጥሮች አንዱ ከዜሮ ካለፈ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ውጣ። ግን ይህም ዋስትና አይደለም። በ2007 እ.ኤ.አ. የጉግል ሰዎች ከ100 ሺህ በላይ ሃርድ ዲስኮችን አጥንተው ከሞቱት ውስጥ ከሲሶ በላይ የሚሆኑት አንድም ምልክት ሳያሳዩ መሞታቸውን ጽፈዋል። የእኔ የሚጮኸው ስለዚህ ይሻላል ልበል? ቢያንስ ሲታመም ይነግረኛል። ባለቤቴ ይህን አስተያየት አልወደደችውም።

ካርቶኑ ላይ ደግሞ «አንድ ሚሊዮን ሰዓት» የሚል አየሁ። አካፈልኩት፤ 114 ዓመት ነው። አያቴም ይህን ያህል አልኖሩም። ዋስትናው ስንት ነው? 3 ዓመት! በጉልበቱ ይህን ያህል የሚተማመን ሰው 111 ዓመቱን ምን አስፈራው? የልጅ ልጄ «አባባ፣ እሱ እኮ የአንዱ ዕድሜ አይደለም፣ ሺህ ሃርድ ዲስክ ቢኖርህ በዓመት 9 ገደማ ይሞታል ማለት ነው» ብሎ አስረዳኝ። እኔ ያለኝ አንድ ነው፣ ልጄ። ከዘጠኙ አንዱ እሱ ከሆነ 991ዱ የጎረቤቶቼ ጤንነት ለእድሩ መዝገብ ምን ይጠቅማል? አቶ እገሌ «ባለፈው ወር ከፍያለሁ፣ መዝገቡን ገልጠህ እይ» ሲሉኝ ምን ልገልጥ ነው?

ስለ አገራችንም ልናገር፤ ይህን የሱቅ ልጆች አያውቁም። አንባቢው ጭንቅላት ሳህኑን አይነካም፤ ከሰው ፀጉር በሺዎች እጥፍ የቀጠነ የአየር ትራስ ላይ ይንሳፈፋል። አየር ሲሳሳ ትራሱም ይሳሳል። ስለዚህ አብዛኞቹ ፋብሪካዎች ከባሕር ጠለል በላይ ከ3048 ሜትር በላይ አታሠሩት ብለው ጽፈዋል። አዲስ አበባ በአማካይ ከ2300 እስከ 2400 ሜትር ላይ ናት፤ እናልፋለን። እንጦጦ አናት ላይ ግን አናልፍም። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ጓሳ ላይ ከ3200 ሜትር በላይ ነው፣ ጭላዳ ዝንጀሮው ሣሩን እየነቀለ ያለ ምንም ዋስትና ይኖራል። አገሬ ገብቼ የቤተሰቡን ፎቶ ለዘመድ ላሳይ ብል ሃርድ ዲስኩ ከፍታ አመመኝ ሊለኝ ነው። ሂሊየም ጋዝ ተሞልተው የታሸጉ አሉ፣ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የወጡ፣ ለአየሩ ግድ የላቸውም። እነሱ ግን በአብዛኛው ለትልልቅ የመረጃ ማዕከሎች የተሠሩ ናቸው፤ ድምፃቸው ለእነማን እንደተሠራ ይናገራል።

መብራት ሲጠፋስ? ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘንኩለት። ኃይሉ ድንገት ሲቋረጥ ሳህኑ በነበረው ዙር ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ፣ በዚያች ትንፋሽ ጭንቅላቱን ወደ ማረፊያው ያደርሳል፤ ከዚያ ይቆማል። ጠቅ የሚለው አንዱ ይህ ነው። ይህን አልፎ አልፎ እንዲያደርግ ነበር ያሰቡት፤ የእኛን ሰፈር አላዩም። ዩፒኤስ ግዛ የሚሉኝ አሉ። ገዝቻለሁ፤ መብራት ሲጠፋ እሱ ደግሞ ጢጥ ጢጥ ጢጥ ይላል። ዝምታ ፈልጌ ሁለተኛ ጯሂ ቤቴ አስገባሁ።

ሃርድ ዲስክም ድምፅ ይጠላል፣ አታውቁም እንጂ። በ2008 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ብሬንዳን ግሬግ የሚባል የሰን ማይክሮሲስተምስ ሠራተኛ ሃርድ ዲስክ የተደረደረበት መደርደሪያ ላይ አፉን አስጠግቶ ጮኸ፤ ዲስኮቹ ለጊዜው ሥራቸው ተጓተተ፣ ስክሪኑ ላይም በግልጽ ታየ። ሬይመንድ ቼን የተባለው የማይክሮሶፍት ባለሙያ ደግሞ በ2022 ሲያወጋ፣ የጃኔት ጃክሰን «ሪትም ኔሽን» ሲዘፈን አንዳንድ ላፕቶፖች ይሞቱ እንደነበር፣ አጠገባቸው የተቀመጠው ላፕቶፕ ሳይቀር እንደሚያጅባቸው ነገረን። የዘፈኑ አንድ ድምፅ ከዲስኩ የራሱ ንዝረት ጋር ገጥሞ ነው። እኔ ያንን ካነበብኩ ወዲህ ኮምፒውተሩ ሲያናድደኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ነው የምራገመው። ሰርግ በሰፈር ሲሆንም አጠፋዋለሁ።

«ታዲያ ለምን ኤስኤስዲ አትገዛም?» ትላላችሁ፤ ሁሉም ይላል። የሚዞር የለው፣ የሚሮጥ የለው፣ ድምፁ ዜሮ ነው። እውነት ነው። ነገር ግን ሲሞትም እንደዚያው ነው፤ ማታ ደህና እደር ብለኸው ጠዋት የለም፤ ቀጭ የለ፣ ጠቅ የለ፣ ኑዛዜ የለ። ያለ ኤሌክትሪክ ቁም ሳጥን ውስጥ ለዓመታት ከተኛም የያዘውን ሊለቅ ይችላል። ሐሰተኛውም በዝቷል፤ 16 ቴራባይት ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ተከፍቶ ሲታይ አንዲት ትንሽ ፍላሽ ተቀምጣበት የተገኘ አለ። ከሁሉም፣ ለዚያ ሁሉ ቪዲዮና ፎቶ የሚበቃ ትልቅ ኤስኤስዲ ዋጋው የጡረታ አበል አያውቅም።

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ልጄ በበኩሉ «አባዬ፣ ክላውድ ላይ አድርገውና ተገላገል» ይላል። ክላውድ ምንድን ነው? በሌላ ሰው ቤት የሚጮህ ሃርድ ዲስክ ነው። ለእሱ በየወሩ በዶላር ልክፈል፣ የልጄን ሰርግ ለመላክ ደግሞ ኢንተርኔቱን ሌሊቱን ሙሉ ልለምን።

መጨረሻ ላይ ያደረግሁት ይህ ነው። ትንሽ ኤስኤስዲ፣ ለዊንዶውሱ ብቻ። ለፎቶውና ለመዝገቡ በደቂቃ በእርግጥ 5400 የሚዞር፣ መስመሩ ያልተደራረበ። እሱን ከቆርቆሮው ብሎን ፈትቼ፣ መርካቶ በሜትር በሚሸጠው የሱሪ ላስቲክ ሳጥኑ ውስጥ አንጠለጠልኩት። አትሳቁ፤ በውጭ አገርም ጸጥታ የሚወዱ ሰዎች ለብዙ ዓመታት ያደረጉት ነው፤ ላስቲኩ ንዝረቱን ስለሚበላ ጠረጴዛው የሚያወራው ያጣል። ሳጥኑን ማንቀሳቀስ ብቻ ክልክል ነው። አንድ ቅጂ ሌላው ልጄ ቤት፣ ሲኤምሲ አለ፤ የእድሩንም በወሩ መጨረሻ አትሜ በወረቀት አስቀምጣለሁ፣ ወረቀት ከፍታ አያመውም።

እና ሃርድ ዲስኩ ዝም አለ። ዝም ሲል ምን ተሰማ? ፋኑ! ለካ ዓመት ሙሉ ከሥሩ ተደብቆ ሲያፏጭ ኖሯል። ተነሥቼ መገናኛ ወረድኩ። ፋን አለህ? አለ። ዝም የሚል? ልጁ «ዝምታውን እንጃ ፋዘር፣ ግን ቀይም ሰማያዊም አረንጓዴም ያበራል» ብሎ ሰካልኝ፤ ሱቁ ጭፈራ ቤት መሰለ። ሌላ አውጣ አልኩት፤ ያም ያበራል። ሦስተኛውም።

«ስማ ልጄ፣ መብራት የሌለው ነው የምፈልገው» አልኩት።

በሐዘኔታ አየኝ። «ውይ ፋዘር፣ እናንተም ሰፈር ጠፍቷል እንዴ?»